የሂያጁ ጀርባ

ወገዳ፣ ታኅሣሥ 12 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለአባቴ ለመሪጌታ ቀለመ ወርቅ፣ ቤተ ልሔም

አባባ፣ ጉልበትዎ እንዴት ሰነበተ? ብርዱ አልጠናብዎትም? ወረቀትዎ ደርሶኛል። ወንድማገኝ የሽንኩርቱን ጭነት እንኳ ሳያወርድ ነው የሰጠኝ። ግባና ውኃ ጠጣ ብለው እምቢ አለ። በቅሎዎቹ እንዳይደክሙ ነው አለኝ። በቅሎዎቹ ቆመው ሣር ይበሉ ነበር።

ሁለት ነገር ጠይቀውኛል። አንዱ ጤናችንን ነው። እኔም ዳግማዊትም ደኅና ነን። ሁለተኛውን ግን ደጋግሜ አነበብኩት። «አሁን ቤት ውስጥ ከአንቺ ጋር ማን አለ?» ብለዋል። ማን ይኖራል አባባ? እኔና ልጄ ነን። ግድግዳ ለግድግዳ ዘነበች አለች። እንደ ድሮው በእጣቢ ውኃ እንጣላለን፤ እሷ ወደ እኔ ደጅ ትደፋለች፣ እኔ እጮሃለሁ። ለምን ጠየቁኝ?

ባለቤቴ ተስፋሁን የለም። ኅዳር 16 ወደ ንፋስ መውጫ ሄዷል። ለሕፃናት ክፍል የሥዕል መጽሐፍ መጥቷል፣ የሚወስድ ሰው ላኩ ተብለን ነበር። ተቃራኒ ነገሮችን እያሳቀ የሚያስተምር መጽሐፍ ነው አሉ። አንድ ገጽ ላይ ዝሆን ጉንዳን ተሸክማ ትሄዳለች፣ በሚቀጥለው ጉንዳን ዝሆኗን ተሸክማ ትሄዳለች፤ ከባድና ቀላል። ያየ ሰው ሲያወራ ሰምቼ እንደ ልጅ ጓጓሁ። አርባ ሦስት ሕፃናት አሉኝ። መጽሐፌ አንድ ነው፣ እሱም ሽፋን የለውም።

መንገዱን ሁሉም ፈራ። ተስፋሁን የስምንተኛ ክፍል ሒሳብ አስተማሪ ነው፤ ጉዳዩ የእሱ አልነበረም። «አንተ ሂድልኝ» ያልኩት እኔ ነኝ። ይህን ለማንም አልተናገርኩም። በዚያ ጠዋት መርፌ በእጄ ነበር፣ ቸኩዬ ነበር፣ ሲወጣ ቀና ብዬ እንኳ አላየሁትም። «ካርቶኖቹ እንዳይረጥቡ» አልኩት። የመጨረሻ ቃሌ ስለ ካርቶን ነው።

«የመጨረሻ» ብዬ ጻፍኩ። ልሰርዘው ነበር። ወረቀቱ እንዳይበላሽ ብዬ ተውኩት።

በሳምንት እመለሳለሁ ብሎ ነበር። ስልክ የለም፤ የእኔ ብቻ አይደለም፣ የማንም አይሠራም። ሲመለስ በእርስዎ በኩል አልፎ እንደሆነ ይንገሩኝ።

እስከዚያው አንድ ነገር ልለምንዎ። መጽሐፉ እስኪመጣ እርስዎ ይሣሉልኝ። ሃያ አራት ቅጠል ወፍራም ወረቀት ልኬልዎታለሁ። በአንድ ቅጠል አንድ ነገር ብቻ፣ ሁለት ሁለቱ ተቃራኒ ይሁኑ። ትልቅና ትንሽ፣ ላይና ታች፣ ሙሉና ባዶ። ልጆቹን የሚያስቅ ይሁን። ቅዱሳንን መሣል የለመደ እጅ ዶሮ ሣል ስለው እንዳይቆጣኝ።

ልጅዎ ትርሲት



ቤተ ልሔም፣ ጥር 3 ቀን 2017 ዓ.ም.

ልጄ ትርሲት፣ ሰላምታዬ ካለሽበት ይድረስሽ። ለዳግማዊት ሁለቱን ጉንጮቿን ሳሚልኝ፣ አንዱን አስቀርተሽ እንዳታታልዪኝ።

ጉልበቴን የጠየቅሽኝ፣ ቁልቁለት ላይ ይከዳኛል፣ ዳገት ላይ ይታመነኛል። ይህም ከተቃራኒዎችሽ ጋር ይቆጠር።

ስለ ተስፋሁን የጠየቅሽኝ። በእኔ ቤት አላደረም። መንገዱ እንደምታውቂው ነው። ሌላ የምጽፈው የለኝም።

ከአንቺ ጋር ማን እንዳለ መጠየቄ በዚህ ጊዜ ብቻሽን መሆንሽ ስላሳሰበኝ ነው። ዘነበችን አትጣያት። ጎረቤት ነች።

ስድስት ቅጠል ሠርቻለሁ። ትልቁ በሬ ነው፣ ትንሿ ዶሮ ነች። በሬውን ዓይኑን ሳጎላበት የሰው ዓይን መሰለ፤ አርባ ዓመት የመላእክት ዓይን የሠራ እጅ እንዲህ ነው የሚያደርግ። ላይና ታች ጦጣ ናት፤ ዛፉ ላይ አንዴ ወጥታለች፣ አንዴ ወድቃለች። ሙሉና ባዶ ሁለት ሴቶች ናቸው፤ የአንዷ እንቅብ እህል ሞልቶታል፣ የሌላዋ ባዶ ነው።

አንድ ነገር ከብዶኛል። ተቃራኒ ስትዪኝ እኔ የማውቀው አንዱን ነው፤ ጻድቅና ኃጥእ። ጻድቁን ፊቱን ወደ እኛ አዙረን ሁለቱንም ዓይኑን እንሠራለታለን። ኃጥኡን በጎኑ አቁመን አንድ ዓይን እንሰጠዋለን። ይሁዳም፣ የሰቀሉትም፣ ሰይጣንም እንዲሁ ናቸው። መምህሬ ያስተማሩኝ ይህን ነው፣ እኔም ከዚህ ወጥቼ አላውቅም። ትንሽ ከትልቅ ጋር ሲቆም ከሁለቱ ማን ነው ጥፋተኛው? ይህን ሳላውቅ ነው የሠራሁት። ስህተት ካለ ንገሪኝ።

ዛሬ የአንድ ሰው አርባ ስለሆነ ቤተ ክርስቲያን ቆመን ውለናል። እጄ ደክሟል። ጽሕፈቴ ቢንጋደድ ለዚያ ነው።

አባትሽ ቀለመ ወርቅ



ወገዳ፣ ጥር 28 ቀን 2017 ዓ.ም.

አባባ፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ሥዕሎቹ ሳይታጠፉ ደርሰዋል።

ልጆቹ ሥዕሎቹን ወደዷቸው ወይ ብለው በወንድማገኝ ልከውብኛል። በሬውን በጣም ወደዱት። «ይሄ በሬ ያየናል» ብለው ተንጫጩ። ጦጣዋ ስትወድቅ አንዱ ከሳቅ ብዛት ሽንቱ አመለጠው። ከኅዳር ወዲህ ክፍሌ ውስጥ እንዲህ ያለ ሳቅ አልተሰማም።

ሙሉና ባዶ ላይ ግን አንድ ነገር ሆነ። ባለ ባዶ እንቅቧን ሴት በጎኗ አቁመው በአንድ ዓይን ሠርተዋታል። አስበውበት አይመስለኝም። መቅደስ የምትባል ልጅ አለች፣ ሁሉን ነገር ጠያቂ ናት።

«ቲቸር፣ የእሷን አንድ ዓይን ማን ወሰደው?» አለችኝ።

እኔ አፌን ሳልከፍት ዳግማዊት ቀደመችኝ። «ማንም አልወሰደባትም። መጥፎ ሰው ስለሆነች ነው። አባባ ቀለመ ወርቅ ለመጥፎ ሰው አንድ ዓይን ነው የሚሠራ።»

«ምን አድርጋ ነው መጥፎ የሆነች?»

«እንቅቧን አታይም? ባዶ ነዋ።»

አባባ፣ የእነዚህን ልጆች ቤት ያውቁታል። ዘንድሮ ስንቱ ቤት እንቅቡ እንደተደፋ ያውቃሉ። በአንዲት የአምስት ዓመት ልጅ አንደበት ሁሉም እናታቸውን አሰቡ። ሥዕሉን አነሣሁት። እባክዎን ሁሉንም በሁለት ዓይን ይሥሩልኝ። እዚህ መጽሐፍ ውስጥ ጥፋተኛ የለም። ባዶው ባዶ ነው፣ ሌላ ምንም አይደለም።

አሁን የምፈልገው ሂያጅና መጪን ነው። ለዳግማዊት ብዬ ነው። በየቀኑ «አባዬ የት ነው?» ትለኛለች። ሄዷል እላታለሁ። «የሄደ ተቃራኒው ምንድን ነው?» ትላለች፤ እኔው ነኝ ያስተማርኳት። የመጣ እላታለሁ። ትረካለች። እኔ ግን ቤቱን ጠርጌ ስጨርስ እንደገና እጠርጋለሁ። የሰውየው ፊት የተስፋሁንን ቢመስል ደስ ይላታል። ፊቱን አይረሱትም መቼም።

በእርስዎ ቤት አላደረም ብለውኛል። በቀን አልፎ ይሆን? ሰው አላየውም? ይጠይቁልኝ።

አንድ ነገር ደግሞ። ዘነበች ከእኔ ጋር መጣላት አቁማለች። እጣቢዋን ዞራ በጓሮ ነው የምትደፋ። ትናንት ደጄ ላይ ጥቂት ውኃ ተንጠባጠበባትና «ይቅርታ እህቴ» አለችኝ። አምስት ዓመት ጎረቤት ነን። እህቴ ብላኝ አታውቅም። ቤቴ ገብቼ በሩን ዘጋሁ። ምን አደረግኳት?

ትርሲት



ቤተ ልሔም፣ የካቲት 20 ቀን 2017 ዓ.ም.

ልጄ፣ ጾሙን የብርታት ያድርግልሽ። ሳልጽፍልሽ በመቆየቴ ይቅርታ። ቀለም ሲበጠብጥ የዋለ እጅ ብዕር ሲይዝ ይከብደዋል ብዬ ላመካኝ ነበር። ምክንያቱ ግን እሱ አይደለም። በቃ ቆየሁ።

ባለ እንቅቧን ሴት በድያታለሁ። ሌሊት አልሠራኋት፣ በብርሃን ነው የሠራኋት፣ እያየሁ ነው የበደልኳት። እጄ ባዶ ሲያይ ዝም ብሎ አንድ ዓይን አወጣ። አሁን በሁለት ዓይን አድርጌ ልኬያታለሁ። ልጆቹን ይቅርታ ጠይቂልኝ፤ ዳግማዊትንም አያትሽ ተሳስቷል በያት።

ሂያጅና መጪም አብረው አሉ። ፊቱ ሦስት ቀን ፈጅቶብኛል። መልኩ አላስቸገረኝም፣ አውቀዋለሁ። ቀና ብሎ ሲያየኝ ነው ያስቸገረኝ።

በመንገዱ ሲያልፍ ያየው ሰው እንዳለ ይጠይቁልኝ ብለሻል። ጠይቄያለሁ።

አጎትሽ ጥላዬ በቅርቡ ከእስቴ ወደ አንቺ ይመጣል። አንደበቱ የተገራ እንደሆነ ታውቂያለሽ፤ ከእኔ እሱ ይሻላል። ሲመጣ ዘነበችን ጥሪያት። ሌሎች ሴቶችም ቢኖሩ ጥሩ ነው። ዳግማዊት በዚያ ሰዓት ጎረቤት ትቆይ።

አባትሽ



ወገዳ፣ መጋቢት 15 ቀን 2017 ዓ.ም.

አባባ፣

ጥላዬ ምን አለሽ ብለው በወንድማገኝ በኩል በቃል ልከውብኛል። ወንድማገኝም ሲነግረኝ የበቅሎውን ጆሮ ነበር የሚያየው። ጥላዬ ምን እንዳለኝ ልንገርዎ።

ገና ጎህ ሳይቀድ በሩ ተንኳኳ። ዳግማዊት ቀድማኝ ከአልጋ ወረደች። ሥዕሎቹ ከመጡ ወዲህ ሁለቱን ቅጠሎች ይዛ ነው የምትተኛ። እርስዎ ሂያጁንም መጪውንም ፊታቸውን ወደ እኛ አዙረው፣ በሁለት ዓይን ሠርተዋቸዋል። እግሩ ብቻ ነው በአንዱ ወዲያ በአንዱ ወዲህ የተራመደው። «የትኛው ነው ሂያጁ?» ብያት ነበር። «ሂያጅ የለም፣ ሁለቱም እየመጡ ነው» አለችኝ። እውነቷን ነው። እኔም ብዙ አየሁት። ሁለቱም ይመጣሉ።

በሩን ስከፍት ጥላዬ ቆሟል፣ ከኋላው ሁለት የማላውቃቸው ሽማግሌዎች አሉ። ዳግማዊት ሥዕሉን ወደ ላይ ይዛ በእግሬ መካከል ወጣችና «አባዬ ነው? አባዬ መጣ?» አለች።

ጥላዬ ሽማግሌዎቹን ዞሮ አያቸው፣ እነሱ መሬቱን ያዩ ነበር። ከዚያ ምን እንዳለኝ ያውቃሉ? «በሬ ልንገዛ ነው የመጣን» አለኝ። ሁለት ቀን እኔ ቤት ተቀምጦ ስለ በሬ አወራ። ቀንዱ፣ ሻኛው፣ የእስቴ በሬ ከስማዳ በሬ በምን እንደሚሻል። አልበላም። ሲሄድ ዓይኑን በጋቢው ጠርጎ «አቧራችሁ አያድርስ» አለኝ። ዝናብ ጥሎ አድሮ ነበር።

ጎህ ሳይቀድ፣ ሽማግሌ አስከትሎ፣ ሰው ቤት የሚኬድ ለምን እንደሆነ አውቃለሁ። አዋቂ ነኝ። ግን አልነገረኝም። አልጠየቅሁትም። ስላልነገረኝ የለም። በሬ ነው ያለኝ፣ በሬ ነው። እንዲህ እያልኩ ክፍል ገብቼ አስተምራለሁ። ላይ፣ ታች። ቅርብ፣ ሩቅ። ልጆቹ ይደግማሉ። ድምፄ ደኅና ነው።

ዳግማዊት ግን ደጃፉ ላይ ድንጋይ አስቀምጣ መቀመጥ ጀምራለች። ትምህርት ቤት ካልጎተትኳት አትሄድም። ምሳዋን እዚያው ነው የምትበላ። እየመጣ ያለ ሰው ደጅ ላይ ይጠበቃላ። ይህን ያስተማራት የእርስዎ ሥዕል ነው፣ የእኔም አፍ ነው። አንዱን ልንገራት፣ እንድትጠብቅ ወይም እንዳትጠብቅ። በመካከል እያለቀችብኝ ነው።

ስለዚህ የሚሄድ ሰው ይሣሉልኝ። በጎኑ አይሁን፣ ኃጥእ ይሆንባታል። ፊቱም አይታይ። ሰው ሲሄድ ምን እንደሚታይ ያውቃሉ አባባ። እሱን ይሣሉ።

ትርሲት



ቤተ ልሔም፣ ሚያዝያ 18 ቀን 2017 ዓ.ም.

ልጄ፣ እንኳን ለብርሃነ ትንሣኤው አደረሰሽ። ጥላዬን አትቀየሚው። ሸክሙ የእሱ አልነበረም፣ እኔ ነኝ የጫንኩበት።

የሚሄደው ሰው ሥዕል ለምን እንዲህ ቆየ ብለሽ በወንድማገኝ ጠይቀሽኛል። አልችልበትም ነበር። አርባ ዓመት ስሥል የሰው ጀርባ ሠርቼ አላውቅም። ለፊት አብነት አለው፣ ከመምህሬ የተቀበልኩት፣ እሳቸውም ከመምህራቸው። ለጀርባ አብነት የለውም። በቤተ ክርስቲያናችን ግድግዳ ሁሉ ፈልጌ አንድ አላገኘሁም። ማንም ጥሎን አይሄድም እዚያ ግድግዳ ላይ።

ስለዚህ የድጓውን መምህር አባ ወልደ ማርያምን ለመንኩት። አንድ ኮት ሰጥቼ፣ ይህን ለብሰህ ከደጀ ሰላሙ እስከ ጥዱ ድረስ ተራመድልኝ አልኩት።

«አርባ ዓመት ፊቴን ሳልልኝ ብዬ ስጠይቅህ ጢምህ አያምርም ስትለኝ ኖርህ፣ ዛሬ ጀርባዬ አማረህ?» አለኝ።

«ጀርባህ ዝም ስለሚል ነው» አልኩት።

ኮቱን ሲያይ ሳቁን ተወ። «ይህን አታልብሰኝ ቀለመ ወርቅ» አለኝ። ከዚያ ደግሞ ራሱ ተቀብሎኝ ለበሰው። ሄደ፣ ጥዱ ጋ ደረሰ፣ ተመለሰ። ሲመለስ ዓይኔን ጨፈንኩ። መምጣቱን አልፈለግሁትማ። «ሂድ» አልኩት። ሄደ። አሥራ አንድ ጊዜ አስኬድኩት። በመጨረሻው ጥዱ ጋ ሲደርስ አልተመለሰም፣ ፊቱን ሳያዞር ቆሞ ቀረ። ትከሻው ይንቀጠቀጥ ነበር። ያን ጊዜ ሣልኩት።

ትከሻው ላይ ያየሁትን መንቀጥቀጥ ብቻ ትቼዋለሁ። የቀረው ሁሉ ያየሁት ነው። ከዚያ በቀር በልብ ወለድ አልጨመርኩም፣ አልቀነስኩም።

ለዳግማዊት ከመስጠትሽ በፊት አንቺ እዪው።

አባትሽ



ወገዳ፣ ግንቦት 2 ቀን 2017 ዓ.ም.

ሥዕሉን መልሼልዎታለሁ። ጽሑፌ በጀርባው ነው።

አንቺ እዪው ብለው ነበር፤ ዳግማዊት ነጠቀችኝ። ብዙ አየችው። ከዚያ ወረቀቱን ገለበጠችው። ፊቱን ነው የምትፈልገው፤ ጀርባው በዚህ ካለ ፊቱ በዚያ ይኖራላ። ነጭ ነው። እንደገና ገለበጠች። እንደገና። «አባባ ፊቱን ረሳው» አለችኝ።

እኔ ኮቱን አየሁ።

ተስፋሁን በሄደበት ጠዋት የኮቱ ስፌት በጀርባው፣ በሁለቱ ትከሻዎች መካከል ተተርትሮ ነበር። መርፌ በእጄ ነበር ብዬ የጻፍኩልዎ ያን ነው። ጥቁር ክር አልቆብኝ በቀይ ሰፋሁት። ሲመለስ አስተካክለዋለሁ አልኩ። ዘጠኝ ጊዜ ነው መርፌው የወጣው የገባው፤ አራተኛው ላይ ጣቴን ወግቶኝ ስለነበር ክሩ ዞሯል።

እርስዎ ዘጠኝ ቀይ ሠርተዋል። አራተኛው ጠማማ ነው።

ለማንም አልነገርኩም። ለእርስዎም አልጻፍኩም።

አባባ፣ ኮቱ እርስዎ ዘንድ ምን ይሠራል?

አይጻፉልኝ። ይምጡ።



ቤተ ልሔም፣ ግንቦት 14 ቀን 2017 ዓ.ም.

ልጄ፣

አይጻፉልኝ ብለሻል። የጠየቅሽኝን አልጽፈውም። እንዲህ ያለ ነገር በወረቀት አይነገርም፤ በጎህ፣ ሰው ተሰብስቦ፣ የሚደግፍ ክንድ ባለበት ነው የሚነገር። ይህን ሥርዓት እኔ አላወጣሁትም። ግን ስድስት ወር ሙሉ ተደግፌበት ቆሜያለሁ። መንገዱ ተዘግቷል አልኩ፣ ጉልበቴ አልኩ፣ ጥላዬን ላክሁ። ሥርዓት ያልኩት ግማሹ ፍርሃቴ እንደነበር ያወቅሁት ያንን ጀርባ ስሥል ነው።

«በእኔ ቤት አላደረም» ብዬ ጻፍኩልሽ። ውሸት አልጻፍኩም ብዬ ነበር በልቤ። በእኔ ቤት አላደረም። ከቤተ ክርስቲያን ነው ያደረው። እንዲህ ያለ እውነት ከውሸት እንደሚከፋ እንኳን እኔ ተማሪ ያውቀዋል።

ካርቶኖቹ ሁለቱም እኔ ቤት ናቸው። አልጋዬ ሥር፣ አጎዛ ለብሰው። አርባ አምስት መጽሐፍ። አልረጠቡም፤ አንድም አልረጠበም። እነሱን ብልክልሽ፣ ያለ ሰው የመጡ ካርቶኖች ራሳቸው አፍ አውጥተው ይነግሩሻል ብዬ ፈራሁ። ስለዚህ አርባ አምስት መጽሐፍ አልጋዬ ሥር አስተኝቼ ከላዩ ላይ ተቀምጬ ዶሮና ጦጣ ስሠራልሽ ነበር። ልጆችሽ የባዶዋን ሴት ዓይን ሲፈልጉ መጽሐፋቸው እኔ ዘንድ ነበር። ይህንንም ይቅር በይኝ፣ ከቻልሽ።

ግንቦት 20፣ ረቡዕ፣ ጎህ ሲቀድ በርሽ ላይ ነኝ። አባ ወልደ ማርያም አብሮኝ ይመጣል፣ ጥላዬም ከእስቴ ይደርሳል። ወንድማገኝ በቅሎ ሰጥቶኛል። ዘነበች ማክሰኞ አንቺ ዘንድ ትደር፤ ነግሬያታለሁ፣ ከጥር ጀምሮ ታውቃለች። ዳግማዊትን ባለፈው ጎረቤት ትቆይ ብዬሽ ነበር። አሁን ግን ትኑር። ለእሷ እኔ እነግራታለሁ። ሥዕሉን የሠራሁት እኔ ነኝ።

ይህን እያነበብሽ ታውቂያለሽ። እንደምታውቂም አውቃለሁ። ቢሆንም ልጄ፣ እስከ ረቡዕ አትወቂ። ይህ ሲደርስሽ የሚቀረው አምስት ቀን ነው። ተማሪዎችሽን አስተምሪ፣ ብይ፣ ልብስሽን እጠቢ። ሁላችንም እስክንደርስልሽ አትወቂ።

አባትሽ ቀለመ ወርቅ



ወገዳ፣ ሰኔ 12 ቀን 2017 ዓ.ም.

አባባ፣ በሰላም መግባትዎን ሰምቼ ተመስገን አልኩ። ጉልበትዎን በቅቤ ያሹት።

ከገቡ በኋላ በላኩልኝ ወረቀት ትበያለሽ ወይ ብለዋል። ዘነበች ታበላኛለች። ትናንት ጎረስኩ አልጎረስኩም ብለን ተጣላን፣ ድስቱን ደጃፌ ላይ ደፋችው። ደስ አለኝ።

«አንተ ሂድልኝ» ያልኩት እኔ እንደሆንኩ ለእሷ ነገርኳት። ድምፅ አውጥቼ ስለው የመጀመሪያዬ ነው። ምንም ባለማለቷ ጠላኋት፣ ኋላ ወደድኳት።

ይቅር ብለሽኛል ወይ ብለዋል። ገና ነኝ። ጥር 3 የጻፉልኝን ደብዳቤ አውጥቼ አነበብኩት። «ዛሬ የአንድ ሰው አርባ ስለሆነ» ይላል። ካረፈበት ከኅዳር 24 ጀምሬ በጣቴ ቆጠርኩ፣ ልክ ነው። እኔ በዚያ ቀን ቀሚስ ስተኩስ ነበር። እርስዎ ቆመውለት እንደዋሉ ሳስብ ይቅር እላለሁ፣ ቀሚሱን ሳስብ ይመለስብኛል። አንዳንድ ቀን ሁለቱም በአንድ ጊዜ ነው። መንገዱ ሰላም ሲሆን መጥቼ መቃብሩን ያሳዩኛል። ከዚያ በኋላ ይጠይቁኝ።

ለዳግማዊት ምን እንዳሏት አልሰማሁም፣ በዚያ ሰዓት እኔ መሬት ላይ ነበርኩ። እሷንም አልጠየቅኋትም። ድንጋዩን ግን ከደጃፉ ራሷ አንሥታዋለች። በዚያ ቀን አይደለም። በአራተኛው።

በሥዕሉ ጀርባ፣ በጽሑፌ ላይ፣ ፊቱን ልሥራበት ወይ ብለዋል። አይሥሩበት። እንዳለ ይቆይ።

መጽሐፎቹን ሰኞ አደልኳቸው። አርባ ሦስት ልጅ አርባ ሦስት መጽሐፍ ሲገልጥ የሚሰማው ድምፅ፣ እንዴት ልበልዎት፣ እንደ ብዙ ትንንሽ ክንፍ ነው። ዝሆኗና ጉንዳኗ እውነትም አሉ። ልጆቹ ሳቁ። እኔም ሳቅሁ መሰለኝ፣ ዘወር ብዬ ነበር።

ሂያጅና መጪ አሥራ ሰባተኛው ገጽ ላይ ነው። አንድ ቆብ ያደረገ ሰው ሻንጣ ይዞ፣ ጀርባውን ሰጥቶን ይሄዳል። ለሠሩት ሰዎች ቀላል ነበር፣ አሥራ አንድ ጊዜ ማንንም አላስኬዱም። ልጆቹ ምንም ሳይሉ አለፉት። መቅደስ ብቻ ቀረች። ገጹን ገለበጠችው፣ መለሰችው፣ እንደገና ገለበጠችው። ምን እንደምትፈልግ ገባኝ፣ ወደ እሷ ልሄድ ተነሣሁ።

ዳግማዊት ቀደመችኝ። አጠገቧ ተቀመጠችና እጇን መጽሐፉ ላይ ጫነችባት።

«አትልፊ» አለቻት። «እኔ ፈልጌዋለሁ። የለም።»

ትርሲት